ፓይተንን በዮክቶ ውስጥ ማሳደግ፦ ከ3.8 ወደ 3.12፣ ለቦይ ዳር መሣሪያ

በላፕቶፕ ላይ አዲስ የፓይተን ስሪት መጫን የደቂቃዎች ሥራ ነው። ራስዎ ከምንጭ ኮዱ ገንብተው በትንሽ ቦርድ ላይ በጫኑት ሊኑክስ ውስጥ ግን ፓይተን የጎጆ ምሰሶ ነው፤ ጣሪያው ያረፈው እሱ ላይ ስለሆነ ብቻውን ተነቅሎ አይተካም። ብዙ ሰው ጊዜውን የሚያባክነው አንዱን ሬሲፒ ከአዲሱ እትም ገልብጦ በአሮጌው ላይ ለመለጠፍ ሲታገል ነው። እኔ የምመክረው መንገድ ሲያዩት ይረዝማል፤ ግን ያልቃል።

ለምሳሌ የምይዘው አንድ ሣጥን ነው። ቆጋ ከመራዊ ከተማ አጠገብ ያለ፣ ወደ 7,000 ሄክታር መሬት እንዲያጠጣ የተሠራ የመስኖ ግድብ ነው። በእንዲህ ያለ የመስኖ ቦይ ዳር የተተከለ፣ የውኃውን ከፍታ በሴንሰር እየለካ በኤስኪውላይት ቋት ውስጥ የሚጽፍ፣ በሲም ካርድም ወደ ሰርቨር የሚልክ መሣሪያ ያስቡ። ውስጡ ራስበሪ ፓይ 4 አለ፤ ሊኑክሱ በዮክቶ፣ ማለትም የራስን ሊኑክስ ከምንጭ ኮድ መገንቢያ በሆነው ሥርዓት፣ በ3.1 እትሙ (በዳንፌል) የተገነባ ነው፤ መተግበሪያው ሁሉ በፓይተን 3.8 ተጽፏል። ወደ ዮክቶ 5.0 ማለትም ወደ ስካርትጋፕ እናሸጋግረዋለን፤ እዚያ ያለው ፓይተን 3.12 ነው።

ትእዛዞችንና የተለዋዋጮችን ስም እዚህ በድምፃቸው እጽፋለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ እንደተለመደው በላቲን ፊደል ይጻፉ፤ የማዋቀሪያ ተለዋዋጮች በትልልቅ ፊደል ናቸው፣ በቃላቱ መካከል ያለው ክፍተትም «_» ነው። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። መመሪያው ዮክቶን ቢያንስ አንድ ጊዜ ገንብቶ ለሚያውቅ ሰው ነው፤ ሬሲፒና ሌየር ምን እንደሆኑ አላብራራም።

ምክንያቱን፣ ከዚያ መንገዱን መወሰን

መሣሪያው ከኔትወርክ ጋር የማይገናኝና ሥራውን በደንብ የሚሠራ ከሆነ ስሪቱ አረጀ ተብሎ ብቻ አይነካም። የእኛ ሣጥን ግን ከውጭ ዓለም ጋር ይነጋገራል። የዳንፌል የረጅም ጊዜ ድጋፍ ኤፕሪል 2024 ላይ አብቅቷል፤ የፓይተን 3.8 ደግሞ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ። ከዚያ ወዲህ የሚገኝ የደኅንነት ቀዳዳ ሁሉ ሣጥኑ ውስጥ ሳይደፈን ይቀራል።

መንገዶቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው ዮክቶን በሙሉ ወደ አዲስ እትም ማሸጋገር ነው፤ ፓይተኑ አብሮ ይመጣል። ሁለተኛው በአሮጌው ዮክቶ ላይ አዲሱን ፓይተን ብቻ በራስዎ ሌየር ማምጣት ነው። ሦስተኛው መተግበሪያውን ከራሱ ፓይተን ጋር በኮንቴይነር ማሸግ ነው። ሦስተኛውን ለእንዲህ ያለ ሣጥን አልመክርም፤ ኢሜጁን ያከብደዋል፣ ከሥር ያለው ከርነልና መሠረታዊ ሥርዓትም እንዳረጀ ይቀራል። ሁለተኛው አንዳንዴ ግድ ይሆናል፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ። ምርጫ ካለዎት አንደኛውን ይያዙ።

ወደ የትኛው እትም? ከዳንፌል ቀጥሎ ያለው የረጅም ጊዜ እትም ከርክስቶን ነው፤ ፓይተን 3.10 አለው፣ ድጋፉም እስከ ኤፕሪል 2026 ነው። ስካርትጋፕ እስከ ኤፕሪል 2028፣ ፓይተን 3.12 ደግሞ እስከ ኦክቶበር 2028 ድጋፍ አላቸው። አሮጌውን ትቶ ለመሄድ ከተነሱ በከርክስቶን ላይ ማረፍ ትርጉም የለውም። ሆኖም የሽግግር ማስታወሻዎቹን ሲያነቡ አይዝለሉ፤ ከ3.2 እስከ 5.0 ያለው የእያንዳንዱ እትም ማስታወሻ መነበብ አለበት። አሰልቺ ነው። የሚበዛው ስሕተት መልሱ ግን እዚያ አለ።

ሦስቱን ፓይተኖች መለየት

በዚህ ሥራ ውስጥ ሦስት ፓይተኖች አሉ፤ ማደናገሪያው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይነሣል። የመጀመሪያው በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ያለው ነው፤ የዮክቶን ገንቢ ፕሮግራም ቢትቤክን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ሁለተኛው ቢትቤክ ራሱ ለግንባታው ሲል በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው፣ ኔቲቭ የሚባለው ነው፤ የሌሎች ፓኬጆች የግንባታ ስክሪፕቶች በእሱ ይሮጣሉ። ሦስተኛው ቦርዱ ላይ የሚገባው ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ከአንድ ሬሲፒ ይወጣሉ፣ ስሪታቸውም አንድ መሆን አለበት፤ አዲሱ ፓይተን ለሌላ ፕሮሰሰር ሲገነባ የሚረዳው የራሱ ስሪት ኔቲቭ ነውና።

የመጀመሪያው ከእነዚህ ነፃ ነው። ስካርትጋፕ ኮምፒውተርዎ ላይ ቢያንስ ፓይተን 3.8 ይፈልጋል። ኡቡንቱ 18.04 ላይ ያለው 3.6 ስለሆነ አይበቃም፤ ኮምፒውተሩን ማደስ ካልቻሉ ቢልድቱልስ የሚባለውን የተዘጋጀ የመሣሪያ ጥቅል ከዮክቶ አውርደው ይጫኑ። በተቃራኒው ደግሞ ዳንፌልን እንደ ኡቡንቱ 24.04 ባለ፣ ዳንፌል ሲወጣ ባልነበረ ሥርዓት ላይ ለመገንባት አይታገሉ። የድሮውን ግንባታ ኡቡንቱ 20.04 ባለው ኮንቴይነር ውስጥ ይተዉት፤ አዲሱን በአዲስ አቃፊ ይጀምሩ። ሁለቱ ጎን ለጎን መገንባት እስከቻሉ ድረስ ምንም አይጠፋም።

መጀመሪያ ማውረድ፣ ከዚያ መገንባት

ባሕር ዳርም ይሁን ደብረ ማርቆስ ወይም ዳንግላ፣ ግንባታውን የሚያዘገየው ብዙውን ጊዜ ፕሮሰሰሩ አይደለም፤ መብራትና ኢንተርኔት ናቸው። ስለዚህ ሁለቱን ሥራዎች ይለያዩዋቸው።

ቦታ ያዘጋጁ። የስካርትጋፕ ሰነድ 90 ጊጋባይት ነፃ ዲስክና 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ይጠይቃል። ዲስኩ ከጠበበ በሎካል ኮንፍ ፋይል ውስጥ በኢንሄሪት ላይ አርኤም ወርክ የሚለውን ይጨምሩ፤ እያንዳንዱ ሬሲፒ ተገንብቶ ሲያበቃ የሥራ አቃፊውን ያጠፋል። ስሕተት የሚመረምሩበትን ሬሲፒ ግን ከዚህ ነፃ ያድርጉት፤ አለበለዚያ የሚመረምሩት ፋይል አያገኙም። ሜሞሪው 8 ጊጋባይት ብቻ ከሆነ ቢቢ ነምበር ስሬድስንና ፓራለል ሜክን ወደ 4 ያውርዱ። በራሱ ከተተወ ቢትቤክ ያሉትን ኮሮች ሁሉ ይይዛል፤ ከባድ የሲ ፕላስ ፕላስ ፓኬጆች ሲገጣጠሙ ሜሞሪው ያልቅና ግንባታው ምክንያቱ ባልታወቀ ሁኔታ ይገደላል።

የማውረጃውን አቃፊ ማለትም ዲኤል ዲርን ከግንባታው አቃፊ ውጭ ያድርጉት፤ የዳንፌሉን የማውረጃ አቃፊ ራሱን መጠቀም ይቻላል፣ ያልተለወጡ ፋይሎች ዳግመኛ አይወርዱም። ተገንብቶ ያለቀው ሥራ ለዳግም ጥቅም የሚቀመጥበትን ኤስስቴት ዲርን ግን ለአዲሱ እትም አዲስ ይስጡት፤ ከአሮጌው የሚጠቅም ነገር አይገኝበትም። ቢቢ ጀነሬት ሚረር ታርቦልስን «1» ያድርጉ፤ ከጊት የሚመጡት ምንጮች በጥቅል ፋይል መልክም ይቀመጣሉ።

ከዚያ ኢንተርኔት ባለበት ሰዓት ቢትቤክን በኢሜጁ ስምና በ«--ራንኦል=ፌች» ይጥሩት። ምንም ሳይገነባ የሚያስፈልገውን ሁሉ ያወርዳል። ሲጨርስ ቲኤምፒ የሚባለውን የግንባታ አቃፊ አጥፍተው (አለበለዚያ ቢትቤክ ማውረዱ አልቋል ብሎ ይዘለዋል)፣ ቢቢ ኖ ኔትወርክን «1» አድርገው ያንኑ ትእዛዝ ይድገሙት፤ የጎደለ ፋይል ካለ አሁኑኑ ይነግርዎታል፣ እኩለ ሌሊት ላይ በግንባታው መካከል አይደለም። ይህ ከተሳካ ግንባታው ኢንተርኔት አይፈልግም። የማውረጃውን አቃፊ በውጭ ዲስክ ገልብጦ ፍኖተ ሰላም ላለ የሥራ ባልደረባ መላክ፣ እሱም እንደገና ከማውረድ እንዲድን ማድረግ ይቻላል።

መብራት ሲጠፋ አይደንግጡ። ቢትቤክ ያለቀውን ተግባር ሁሉ ምልክት አድርጎ ስለሚይዝ ሲነሣ ከቆመበት ይቀጥላል። ችግር የሚመጣው ፋይል በመጻፍ ላይ እያለ ሲቋረጥ ነው፤ ባዶ ወይም ግማሽ የሆነ ፋይል ይቀራል፣ ስሕተቱም ከሠሩት ለውጥ ጋር ምንም የማይገናኝ ይመስላል። እንዲህ ሲሆን ያንን አንድ ሬሲፒ በክሊንኤስስቴት ያጽዱትና ይድገሙት። ክሊንኦልን ግን አይንኩ፤ እሱ የወረደውን ምንጭም አብሮ ያጠፋል፣ በእኛ የኢንተርኔት ፍጥነት ደግሞ ያ ቅጣት ነው።

ያለውን መመዝገብ

አሮጌውን ግንባታ ከመዝጋትዎ በፊት ቢልድሂስትሪ የሚለውን ክላስ አስገብተው አንድ ጊዜ ይገንቡ፤ በኢሜጁ ውስጥ ያሉ ፓኬጆች፣ ስሪቶቻቸውና መጠኖቻቸው ይመዘገባሉ። አዲሱ ሲያልቅ ሁለቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን ማየት የጠፋ ፓኬጅን ለማግኘት ፈጣኑ መንገድ ነው። በሥራ ላይ ያለውን ኢሜጅ ራሱንም፣ የእያንዳንዱን ሌየር የጊት መለያ ቁጥርም ያስቀምጡ። ሣጥኑ ላይ በእጅ የተጫነ ነገር ካለም አሁን ይመዝገብ፤ ሁልጊዜ አለ።

መተግበሪያው ከግንባታው ይቀድማል

ለአንድ ሙሉ ግንባታ ሰዓታት ከማጥፋትዎ በፊት የራስዎን ኮድ በላፕቶፕዎ ላይ በፓይተን 3.12 ይሩጡት። በመጀመሪያ ግን በድሮው 3.8 ላይ ማስጠንቀቂያዎችን ሁሉ የሚያሳየውን ምርጫ፣ ማለትም ከሰረዝ በኋላ ትልቁን ደብልዩና ዲፎልት የሚለውን ቃል ጨምረው ያስኪዱት። በኋላ ከተወገዱት ነገሮች ብዙዎቹ ያን ጊዜ ማስጠንቀቂያ ይሰጡ ነበር፤ ያልሰማናቸው እኛ ነን።

ከ3.8 እስከ 3.12 ድረስ የእኛን ዓይነት መተግበሪያ የሚሰብሩት እነዚህ ናቸው። በ3.10 ማፒንግንና የመሳሰሉትን በቀጥታ ከኮሌክሽንስ ማምጣት ቀርቷል፤ ከኮሌክሽንስ ነጥብ ኤቢሲ መምጣት አለባቸው። በዚሁ ስሪት ከአሲንክአይኦ ተግባራት ላይ ሉፕ የሚለው መለኪያ ተነሥቷል። በ3.11 ኮሩቲን የሚለው ዲኮሬተር ተወግዷል፤ አሲንክ ዴፍ ብለው ይጻፉ። በ3.12 ዲስትዩቲልስ፣ ኢምፕ፣ አሲንኮርና አሲንቻት ከነጭራሹ ወጥተዋል፤ ከኮንፊግፓርሰር ውስጥ ሴፍኮንፊግፓርሰር የለም፤ ራንድሬንጅ 10.0 ብለው ሲሰጡት እንደ ድሮው ዝም ብሎ አይቀበልም፣ ስሕተት ያነሣል።

የመረጃ መመዝገቢያ መሣሪያን በተለይ የሚነኩ ሁለት ነገሮች ደግሞ አሉ፤ የሚሰብሩ ሳይሆኑ የሚያስጠነቅቁ ናቸው። በ3.12 ዴትታይም ውስጥ ያለው ዩቲሲናው እንዳይጠቀሙበት ይመከራል፤ የሰዓት ክልሉን የያዘውን ናው ይጠቀሙ። የኤስኪውላይት ሞጁል ቀንና ሰዓትን በራሱ ወደ ጽሑፍ የሚለውጥበት አሠራርም እንዲሁ። ሁለቱም ዛሬ ይሠራሉ። ይሁን እንጂ ማስጠንቀቂያው በየመለኪያው ሎግ ውስጥ ከተጻፈ ትንሿን ሚሞሪ ካርድ የሚሞላት እሱ ነው፤ ስለዚህ አሁኑኑ ያስተካክሉት።

የማይታየው መሰናክል ኤስኤስኤል ነው። ዳንፌል ይዞት የነበረው ኦፕንኤስኤስኤል 1.1.1 ነው፤ ስካርትጋፕ የሚይዘው ከ3 መስመር ነው። ፓይተንም ከ3.10 ጀምሮ ያለ ማዋቀር ከቲኤልኤስ 1.2 በታች አይነጋገርም። ሰርቨርዎ አሮጌ ከሆነ ሣጥኑ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ሳለ መረጃ መላክ ያቆማል። ሰርቨሩን ቀድመው ያድሱ፤ ሣጥኑን ለማላላት አይሞክሩ።

ሌየሮቹን ማሸጋገር

ፖኪን፣ ሜታ ኦፕንኢምቤድድንና ሜታ ራስበሪፓይን በአዲስ አቃፊ ውስጥ በስካርትጋፕ ቅርንጫፍ ያውጡ። ሦስቱም አንድ ቅርንጫፍ ላይ ይሁኑ፤ አንዱ ከሌላው ሲለያይ የሚመጡት ስሕተቶች ቀን ያስጨርሳሉ። ለስካርትጋፕ ቅርንጫፍ የሌለው የሦስተኛ ወገን ሌየር ካለዎት እዚህ ላይ ቆም ብለው ያስቡ፤ ከእሱ የሚፈልጉት አንድ ወይም ሁለት ሬሲፒ ብቻ ከሆነ ወደ ራስዎ ሌየር ገልብጠው እሱን ቢተዉት ይሻላል።

የራስዎ ሌየር ቀጥሎ ነው። በሌየር ኮንፍ ፋይል ውስጥ ሌየርሲሪስ ኮምፓት የሚለውን ከዳንፌል ወደ ስካርትጋፕ ይለውጣሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ ቢትቤክ ሌየሩን ስለተቀበለው የተሸጋገረ ይመስለዋል። ዋናው ለውጥ ግን ገና ነው። ከሆኒስተር ማለትም ከዮክቶ 3.4 ጀምሮ የኦቨራይድ አጻጻፍ ተለውጧል፤ በፊት አፔንድ፣ ፕሪፔንድ፣ ሪሙቭ፣ የፓኬጁም ሆነ የማሽኑ ስም በ«_» ይያያዙ ነበር፤ አሁን በ«:» ነው። አፔንድን በድሮው መልክ ከተዉት ቢትቤክ ራሱ ይቆጣና ያቆምዎታል፤ ያ መልካም ነው። አደገኛው ለአንድ ማሽን ብቻ ተብሎ የተጻፈው መስመር ነው፤ በድሮው አጻጻፍ ሲቀር እንደ ማንኛውም ተራ ተለዋዋጭ ይነበብና ማንም ሳያውቅ ይታለፋል። ግንባታው ይሳካል፣ የማዋቀሪያው ፋይል ግን ቦርዱ ላይ የለም።

ፖኪ ውስጥ፣ ስክሪፕትስ ከዚያም ኮንትሪብ በሚለው አቃፊ ኮንቨርት ኦቨራይድስ የሚባል ስክሪፕት አለ። በራስዎ ሌየር ላይ ያስኪዱት፤ ፋይሎቹን እዚያው ይለውጣቸዋል። ስለዚህ በፊት ሁሉም በጊት መመዝገቡን ያረጋግጡ፣ በኋላም ለውጡን መስመር በመስመር ያንብቡ፤ የማይገባውን «_» የሚለውጥበት ጊዜ አለ። በዚያው አቃፊ ሌሎች ሦስት አሉ፤ አንዱ በከርክስቶን ስማቸው የተለወጡ ተለዋዋጮችን፣ አንዱ የፈቃድ ስሞችን፣ አንዱ የምንጭ አድራሻዎችን ያስተካክላል። የመጨረሻው አይረሳ፤ ጊትሀብ በ2022 ያልተመሰጠረውን የጊት ፕሮቶኮል ስለዘጋ በየአድራሻው ላይ ኤችቲቲፒኤስ መጠቀስ አለበት፣ የቅርንጫፉም ስም በግልጽ መጻፍ ግድ ሆኗል።

ከዚያ ቢቢአፔንድ ፋይሎችን፣ ማለትም በሌላ ሌየር ያለን ሬሲፒ የሚያሻሽሉትን፣ ይቃኙ። በስማቸው ላይ 3.8.2 የሚል ሙሉ ስሪት የያዙት የሚያያዙበት ሬሲፒ ስለሌለ ቢትቤክ ያስቆምዎታል። ቁጥሩን በ«%» መተካት ይቻላል። ነገር ግን ከመተካትዎ በፊት በውስጡ ያለው ፓች ዛሬም ያስፈልግ እንደሆነ ይጠይቁ። ለ3.8 ተብሎ የተጨመረ እርማት በ3.12 ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከምንጩ ጋር ተካቷል፤ የሚበልጠው ሥራ መሰረዝ ነው።

የራስዎ የፓይተን ሬሲፒዎች

ዲስትዩቲልስ3 የሚለውን ክላስ የሚወርስ ሬሲፒ ካለዎት ወደ ሰትአፕቱልስ3 ይለውጡት፤ ሰትአፕ ፓይ ፋይሉም ከሰትአፕቱልስ እንዲያመጣ ያድርጉ። ፕሮጀክቱ ሰትአፕ ፓይን ትቶ ፓይፕሮጀክት ቶምል የሚባለውን ፋይል ብቻ ከያዘ፣ ፋይሉን ከፍተው በቢልድ ሲስተም ክፍል ውስጥ የተጠቀሰውን መገንቢያ ይዩ፤ ለሰትአፕቱልስ፣ ለፍሊት፣ ለሀችሊንግና ለፖኤትሪ እያንዳንዳቸው የተዘጋጀ ክላስ አለ፤ የሚስማማውን ይወርሳሉ።

ሁለተኛው ፍለጋ «3.8» የሚለው ቁጥር ነው። በመላው ሌየርዎ ውስጥ ይፈልጉት። ሳይት ፓኬጅስ ያለበትን ዱካ በቁጥሩ የጻፈ ሬሲፒ፣ የአገልግሎት ማስነሻ ፋይል ወይም ስክሪፕት ሁሉ ይሰበራል። በሬሲፒ ውስጥ ከሆነ ፓይተን ሳይትፓኬጅስ ዲር የሚለውን ተለዋዋጭ ይጠቀሙ፤ ያኔ የሚቀጥለው ሽግግር ይህን ሥራ አይጠይቅም።

ሦስተኛው በሲ የተጻፉ ቅጥያዎች ናቸው። በምንጭ ኮድ ያሉት እንደገና ይገነባሉ፣ ችግር የለም። ከሴንሰሩ ሻጭ ተሠርቶ የመጣ፣ ምንጩ የሌለ ቅጥያ ካለዎት ግን በስሙ ላይ 38 የሚል ምልክት ያያሉ፤ 3.12 አይጭነውም። ሻጩን አዲስ መጠየቅ ወይም ፕሮቶኮሉን በንጹሕ ፓይተን ራስዎ መጻፍ ነው። ይህን በመጀመሪያው ቀን ይወቁ፤ ሽግግሩን ሁሉ ሊያስቆም የሚችል ብቸኛው ነገር ይህ ሊሆን ይችላል።

ግንባታው፣ በደረጃ

ሙሉውን ኢሜጅ በአንድ ጊዜ አይጥሩ። መጀመሪያ ፓይተን3 ኔቲቭን፣ ቀጥሎ ፓይተን3ን፣ ከዚያ የራስዎን ሬሲፒዎች አንድ በአንድ፣ በመጨረሻ ኢሜጁን። እንዲህ ሲሆን ስሕተቱ የማን እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል። አንዱ ሲወድቅ ቢትቤክ የሎጉን ዱካ ያሳያል፤ ፋይሉን ከፍተው ከታች ወደ ላይ ያንብቡ፣ የመጀመሪያው ስሕተት እስኪገኝ ድረስ። የመጨረሻው መስመር «ሜክ ወድቋል» ከማለት ሌላ ምንም አይነግርም።

አንድ ተለዋዋጭ እንዳሰቡት ካልሆነ ከመገመት ይልቅ ቢትቤክ ጌትቫር በሚለው ትእዛዝ ይጠይቁት፤ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የትኛው ፋይል በየትኛው መስመር ላይ እንደለወጠው ይነግራል። በዳንፌል አልነበረም፤ ከአዲሱ እትም ስጦታዎች ለእኔ ትልቁ እሱ ነው።

ጥገኝነት ላይ ፓይተን3 ዲስትዩቲልስ የሚል ፓኬጅ የጠቀሱ ከሆነ «የሚያቀርበው የለም» የሚል መልእክት ያያሉ። ፓኬጁ ከስሪቱ ጋር ጠፍቷል፤ ይሰርዙት፣ ኮድዎ በእርግጥ የሚፈልገው ከሆነም ሰትአፕቱልስን ይተኩበት።

ቦርዱ ላይ የሚጎድለው ሞጁል

ላፕቶፕ ላይ ፓይተን ሲጫን መደበኛ ላይብረሪው ሙሉ ነው። በዮክቶ ግን በብዙ ትናንሽ ፓኬጆች ተከፋፍሏል፤ ኤስኪውላይት ለብቻው፣ ጄሰን ለብቻው፣ አሲንክአይኦ ለብቻው። ኢሜጁ የሚይዘው የተጠየቀውን ብቻ ነው። በስሪቶች መካከል አንድ ፋይል ከአንዱ ፓኬጅ ወደ ሌላው ሊዛወር ስለሚችል፣ በዳንፌል ላይ በአጋጣሚ አብሮ ይመጣ የነበረ ሞጁል በስካርትጋፕ ላይ ሊጎድል ይችላል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ላፕቶፕ ላይ የሠራ ኮድ ቦርዱ ላይ «ሞጁሉ አልተገኘም» ይላል።

ቀላሉ ማምለጫ ፓይተን3 ሞጁልስ የሚለውን ሙሉ ጥቅል ማስገባት ነው። ለሙከራ ጊዜ እንዲህ ያድርጉ፤ ለሥራ ግን አይተዉት፣ የማያስፈልግ ብዙ ፋይል ይጎትታል። የትኛው ፓኬጅ የትኛውን ፋይል እንደያዘ ለማወቅ ኦኢ ፒኬጂዳታ ዩቲል የሚባለውን መሣሪያ በፋይንድ ፓዝ ትእዛዙ ይጠይቁ፤ መልሱን በሬሲፒዎ የአርዲፔንድስ መስመር ላይ ይጨምሩ። ጥገኝነቱ በኢሜጁ ላይ ሳይሆን ሞጁሉን በሚጠቀመው ሬሲፒ ላይ ይጻፍ፤ ሌላ ኢሜጅ ሲሠሩ አብሮ እንዲሄድ።

ፓይተንን ብቻ ማምጣት ግድ ሲሆን

ከቦርዱ አምራች የመጣው ሌየር ለአዲሱ ዮክቶ ካልተዘጋጀ፣ ከርነሉም ከእሱ ጋር ከታሰረ፣ ሁለተኛው መንገድ ብቻ ይቀራል። ይቻላል፤ ግን የምታመጡት አንድ ፋይል አይደለም ብዬ አስቀድሜ ልናገር። ሬሲፒውን ከነፓቾቹ፣ የላይብረሪውን ክፍፍል የሚወስነውን የማኒፌስት ፋይል፣ መሠረታዊውን የስሪት ቁጥር የያዘውን ፓይተን3 ዲር የሚባል ክላስ፣ ከዚያ ሰትአፕቱልስንና ዊልን የመሳሰሉ የግንባታ መሣሪያዎችን ከነክላሶቻቸው ታመጣላችሁ። ክላሱ ከዋናው ሌየር ሳይሆን ከራስዎ እንዲነበብ የሌየሩ ቦታ በቢቢፓዝ ላይ መቅደም አለበት። ፕሪፈርድ ቨርዥንን ለፓይተን3ም ለኔቲቩም በአንድ ላይ ይወስኑ፤ አንዱን ረስቶ መተው የተለመደው ስሕተት ነው። በዳንፌል ላይ ከሆኑ አዲሱን ሬሲፒ ወደ ድሮው አጻጻፍ መመለስ አያስፈልግ ይሆናል፤ ከ3.1.11 ጀምሮ ያለው ዳንፌል «:»ንም ይረዳል። ማኒፌስቱን የሚያድሰው ክሪኤት ማኒፌስት የሚባለው ተግባር ነው።

ከዚህ በኋላ በኢሜጁ ያሉ የፓይተን ሬሲፒዎች ሁሉ በአዲሱ ላይ መገንባታቸውን ማረጋገጥ የእርስዎ ዕዳ ነው፤ የዮክቶ ሰዎች ያንን ጥምረት ፈትነውት አያውቁም። ቋንቋው ረስት ከሆነ ነገሩ ይቀላል፤ ለረጅም ጊዜ እትሞች ተብለው የተዘጋጁ፣ ሚክሲን የሚባሉ ሌየሮች አሉ፤ አስቀድመው ይፈልጉ።

ወደ ቦይ ከመውሰድ በፊት

ኢሜጁን መጀመሪያ ቦርዱን በኮምፒውተር ላይ በሚያስመስለው ፕሮግራም፣ በኪዩኢሙ፣ ላይ ያስነሡት፤ መተግበሪያው መነሣቱን፣ ቋቱን መክፈቱን፣ ሰርቨሩን ማግኘቱን ያዩበታል። ሴንሰሩን ግን ኪዩኢሙ አያውቅም፤ እዚህ ላይ ነው ፓይተን ሳይሆን ከርነሉ የሚያስቸግረው። ከዳንፌል 5.4 ወደ ስካርትጋፕ 6.6 ሲሄዱ በራስበሪ ፓይ 4 ላይ በሲስኤፍኤስ የሚነበቡት የጂፒአይኦ ማለትም የቦርዱ መግቢያና መውጫ እግሮች ቁጥሮች ከ512 ይጀምራሉ፤ 17 የነበረው 529 ሆኗል። ቁጥሩን በኮዱ ውስጥ የጻፈ ፕሮግራም ምንም ሳይለወጥ ይሰበራል፣ ጥፋቱም በፓይተን ላይ ይለጠፋል። እነዚህን እግሮች የሚያንቀሳቅሰውን ላይብረሪ ሊብጂፒአይኦዲን ከተጠቀሙም ከፓይተን የሚጠራበት መንገድ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ትውልድ ተለውጧል፤ ያንን ክፍል እንደገና መጻፍ አለብዎት።

በጠረጴዛ ላይ ሣጥኑን ከሲም ካርዱ ጋር ሙሉ ሌሊት ያስኪዱት፣ መብራቱንም በመካከል ሆን ብለው ይንቀሉት። የመረጃ ክፋዩንም ይመልከቱ፤ ሥርዓቱ ሲተካ እሱ አይተካምና በድሮው 3.8 የተሠራ ቨርችዋል ኢንቫይሮንመንት ወይም በፒፕ የተጫነ ሞጁል እዚያ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። አዲሱ ፓይተን አያነበውም። የቋቱ ፋይል ግን ይነበባል፤ ኤስኪውላይት የድሮውን ፋይል ይከፍታል።

ማዘመኛው ሁለት የሥርዓት ክፋዮችን የሚያፈራርቅ፣ እንደ ራውክ ያለ ይሁን፤ አዲሱ ካልተነሣ ሣጥኑ ራሱ ወደ አሮጌው ይመለሳል። ነገር ግን አዲሱን ጥቅል የሚቀበለው የድሮው ማዘመኛ መሆኑን አይርሱ፤ ጠረጴዛ ላይ ዳንፌል የጫነ ሣጥን ያስቀምጡና በኔትወርክ ያሸጋግሩት። «ተሳክቷል» የሚለው ምልክትም ሊኑክሱ ስለተነሣ ብቻ አይሰጥ፤ መተግበሪያው አንድ መለኪያ ለክቶ ወደ ሰርቨር ከላከ በኋላ ይሁን።

ጊዜውም ይመረጥ። ቦዩ የሚሠራው በበጋ ነው፤ ገበሬው ተራ በሚጠብቅበት ወር መለኪያ ማጥፋት አይገባም። ክረምት ላይ ደግሞ ቦዩ ሥራ ባይኖረውም የሜጫ ጭቃ መኪና አያስገባም፤ የተሰበረ ሣጥን ካለ እስከ መስቀል ድረስ ተሰብሮ ይቆያል። እኔ ከመስቀል በኋላ፣ ውኃ ከመለቀቁ በፊት ያለውን ጊዜ እመርጣለሁ። የመጀመሪያው ሣጥን ከአስፋልቱ አጠገብ ያለው ይሁን። እሱ ጥቂት ቀናት ሳይቋረጥ ከላከ ቀሪዎቹን ጥቂት በጥቂት ያሸጋግሩ። የዳንፌሉን የማውረጃ አቃፊና ኮንቴይነሩን በውጭ ዲስክ ላይ ያቆዩ፤ አንድ ሣጥን ሳይሸጋገር መቅረቱ በጥር ሊታወቅ ይችላል።